ሁለት ጾም የምትጾም ክኒን

እህቴ የምትውጣት የደም ግፊት ክኒን ከእህቴ ይልቅ ጾመኛ ናት። ይህን ለማጋነን አላልኩትም፤ ማጋነን ስፈልግ ከዚህ የተሻለ አውቃለሁ። ክኒኗ ረቡዕንና ዓርብን ትጾማለች፣ ሁዳዴን ትጾማለች፣ ፍልሰታን ትጾማለች፤ ይህ አልበቃ ብሏት ረመዳንንም ትጾማለች። በመላው ካርቱም፣ ካስፈለገም ከዚህ እስከ ግብጽ ድረስ፣ የሁለት ሃይማኖት ጾም ሳታጓድል የያዘች ፍጡር ብትፈለግ የምትገኘው እሷ ብቻ ናት። መንግሥተ ሰማያት በፈለገችው በር ትገባለች። የኔ ጭንቀት እህቴ ቀድማት እንዳትደርስ ነበር።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምር። እህቴ ታላቄ ናት። በዕድሜ በስምንት ዓመት ትበልጠኛለች፤ ስትቆጣ በሰማንያ። እኔ አምሳን ካለፍኩ ቆይቻለሁ፣ ለእሷ ግን እስካሁን "አንተ ልጅ" ነኝ። ካላክላ በሚባል የካርቱም ሰፈር በአንድ ሆሽ፣ ማለትም በአንድ አጥር በተከበበ ግቢ፣ ጎን ለጎን ክፍል ተከራይተን ነበር የምንኖረው። እኔ የአየር ማቀዝቀዣ እጠግናለሁ። ካርቱም ውስጥ በሙቀቱ ወራት ማቀዝቀዣው የቆመበት ሰው ከሐኪምም ከሼኽም አስቀድሞ የሚጠራው እኔን ነው፤ ስለዚህ ሰው ሲሰማኝ የለመድኩ ነኝ። ከእህቴ በስተቀር ማለቴ ነው።

እሷ የምትሠራው መሃል ከተማ፣ አንዲት ሱዳናዊት ባልቴት ቤት ነው። ምግብ ታበስላለች፣ ቤት ታጸዳለች፣ ባልቴቷንም ታስታምማለች። ባልቴቷን ሰፈሩ ሁሉ ሃጃ ይላቸዋል፤ እኛም ሃጃ እንላቸዋለን። እህቴ እሳቸው ቤት አሥራ ስምንት ዓመት ሠርታለች። ይህ የምተርከው ሁሉ የሆነው ከጦርነቱ በፊት በነበረው ዓመት ነው፤ ካርቱም ውስጥ ሰው ስለ አንዲት ክኒን ሰዓት የሚጨቃጨቅበት ሰላም በነበረ ጊዜ።

ግፊቷን ያወቅነው ሶባ አካባቢ ያለ አንድ ክሊኒክ ነው። ከካላክላ ሶባ ድረስ በሚኒባስ መሄድ ራሱን የቻለ የደም ግፊት ምርመራ ነው፤ ተርፎ የደረሰ ሰው ጤነኛ ነው ብዬ አምናለሁ። ሐኪሟ ወጣት ሱዳናዊት ናት፤ ዓይኗ ሥር የድካም ከረጢት ያንጠለጠለች፣ የማትስቅ፣ የማትቆጣ። እህቴን መርምራ፣ የልቧን ምስል አንስታ ስታበቃ የምትነግረው ለኔ ነበር። ምክንያቱም እህቴ ሐኪም ፊት ስትቀርብ ዓረብኛ ይጠፋባታል። አሥራ ስምንት ዓመት በዓረብኛ የገዛች፣ በዓረብኛ የተከራከረች፣ ካላክላ ገበያ ውስጥ ቲማቲም ሻጮች በዓረብኛዋ የሚሸሿት ሴት፣ ያቺ ወንበር ላይ ስትቀመጥ ትላንት ድንበር የተሻገረች ትሆናለች። መጥፎ ዜና በኔ አማርኛ ሲመነዘር የሚያንስላት መስሏት ይሆናል።

መጥፎው ዜና ይህ ነበር። ልብ ጡንቻ ነው፤ ለዓመታት ከግፊት ጋር ሲታገል ይደነድናል። የእህቴ ልብ መደንደን ጀምሯል። ክኒኗን በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ካልዋጠች ልቧ ይደክማል፣ ወይም አንድ ቀን አንጎሏ ውስጥ ደም ይፈሳል። ሐኪሟ ይህን ስትናገር ድምፅዋን ከፍም ዝቅም አላደረገችም፤ ያስፈራኝም እሱ ነው። ከዚያ ወረቀት ላይ "ጠዋት፣ ከቁርስ በፊት" ብላ ጻፈችና ወደኔ አየች። አንተ ተከታተላት አለችኝ። በዚያች ቀን የእህቴ ልብ ጠባቂ ሆኜ ተሾምኩ። ደመወዝ የሌለው፣ ሥልጣን የሌለው፣ የሚሰማው የሌለ ሹመት።

"ጠዋት" የምትለዋ ቃል ናት ጉድ ያፈላችው። የእህቴ ጾም እንደኔ ሥጋና ቅቤ መተው ብቻ አይደለም። በጾም ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ በአፏ አይዞርም። ክኒን ያለ ውሃ አይዋጥም፣ ስለዚህ ክኒኗም አብራት ትጾማለች። ሰኞ ጠዋት የተዋጠች ክኒን ረቡዕ ወደ ዘጠኝ ሰዓት ትዛወራለች። በዘጠኝ ሰዓት ደግሞ እህቴ ከሥራ ስትመለስ ሚኒባስ ውስጥ ከአሥራ ስድስት ሰው ጋር ተጣብቃ ስለምትቆም ነገሩ ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ይገፋል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይሆናል። ሁዳዴ ሲገባ የሳምንቱ ቀን ሁሉ ረቡዕ ይሆናል።

ይህም ባልከፋ። ረመዳን ሲመጣ ሃጃ ቤት ሁሉ ሰው ይጾማል። እህቴን ማንም ጹሚ አላላትም። እንዲያውም ሃጃ በመጀመሪያው ዓመት ወጥ ቤቱ ያንቺ ነው፣ ብዪ ጠጪ ብለዋት ነበር። እሷ ግን የተጠማ ሰው ቤት ውስጥ ውሃ መጎንጨት ዓይብ ነው፣ ነውር ነው ብላ አሥራ ስምንት ረመዳን ወጥ ቤት ውስጥ ከንፈሯ እየደረቀ ሳምቡሳ ጠበሰች። ክኒኗም ፀሐይ እስክትጠልቅ ቦርሳ ውስጥ ጠበቀች። ፀሐይ ስትጠልቅ እህቴ መንገድ ላይ ናት፤ ቤት ስትደርስ ደክሟታል፤ ሲደክማት ትረሳለች። ሲነጋ ደግሞ "ዛሬ ሁለት እውጣለሁ" ትላለች፤ የትላንት እንጀራ ለዛሬ እንደሚደርስ ሁሉ። ይህን የሰማሁ ቀን የኔ ግፊት የት እንደደረሰ የሚለካ መሣሪያ ገና አልተሠራም።

የሚያበግነኝ ግን ሌላ ነው። ይህችው እህቴ ለሃጃ ክኒን ስትሰጥ ብታዩዋት የጦር አዛዥ ናት። ሃጃም ግፊት አለባቸው። በየቀኑ ልክ ሁለት ሰዓት ጠዋት የእህቴ ስልክ ይጮኻል። በትንሽ ትሪ ላይ ክኒኗ፣ ብርጭቆ ውሃና መሐረብ ይቀርባሉ። ሃጃ እስኪውጡ እህቴ ከራስጌያቸው አትነቃነቅም። ከዚያ የግፊት መለኪያውን ክንዳቸው ላይ ታስርና ቁጥሩን በስልክ ፎቶ አንስታ ባሕር ማዶ ላለው ልጃቸው ትልካለች። ጠዋት ይሁን ብሎ በስልክ ያዘዘው ልጃቸው ነው። በረመዳንም ክኒኗን ለሱሑር፣ ማለትም ለሌሊቱ የጾም መያዣ ምግብ፣ ከራስጌያቸው አስቀምጣላቸው ትመጣለች፣ ሲነጋ ባዶዋን ሳህን ታያለች። አንድ ቀን አላለፋትም። አንድ ቀን። ሆኖም የሃጃ ግፊት አልወርድ ብሎ ልጃቸው በየወሩ ክኒን ይቀይራል፣ እህቴም ሃጃን ሐሳብ ነው የጎዳቸው እያለች ታዝናለች። ለራሷ ግን ጊዜ የላትም።

እኔ ዝም አላልኩም። መጀመሪያ ስልኳ ላይ ሌላ ደወል ሞላሁላት፤ ሲጮኽ እያጠፋች "ሰማሁ፣ ሰማሁ" ትለዋለች፣ እንደ ሰው። ቀጥዬ በቀይ እስክሪብቶ የሳምንቱን ቀናት ጽፌ ግድግዳዋ ላይ ለጠፍኩ፤ በዋጠች ቁጥር ምልክት እንድታደርግ። በሳምንቱ ብመለከት ሁሉም ቀን ምልክት አለው፣ ገና ያልደረሰው ቅዳሜ ሳይቀር። ስልኬን ከፍቼ ሳነብ ደግሞ አንዱ ማታ የሚውጥ ልቡ ይጠበቃል ይላል፣ ሌላው የለም ጠዋት ነው ይላል፣ ሦስተኛው ነጭ ሽንኩርት ብላ ይላል። ሦስቱንም ለእህቴ አነበብኩላት። እናንተ ተስማሙና ንገሩኝ አለችኝ።

ጎረቤታችን፣ ከወሎ የመጣች፣ እሷም ሰው ቤት የምትሠራ ሙስሊም ሴት፣ ይህን ሁሉ ከበሯ ላይ ሆና ትከታተል ነበር። ቴሌቪዥን የላትም፤ እኛ ነበርን። አንድ ቀን ስጮኽ ሰምታ፣ "ወንድምዓለም፣ ተዪኝ ካልከኝ ልተው እንጂ የእኛም ሰው እንዲሁ ነው። የታመመ አይጹም ተብሎ ተፈቅዶለት ሳለ የሚጾመው በሽተኛው ነው፤ ደህናው ነው የሚያመልጠው" አለችኝ። ደህናው ያለችው እኔን መሆኑ ገባኝ፤ ዕለቱ ረቡዕ ነበር፣ እጄ ላይ እንቁላል የያዘ ዳቦ ነበር።

በመጨረሻ ወደ ንስሐ አባቷ ሄድኩ። ሰው ሊከስስ ፍርድ ቤት እንደሚሄድ ነው የሄድኩት፣ ማስረጃ ይዤ፣ የሐኪሟን ወረቀት በኪሴ። አባ ወረቀቱን በጥሞና አዩት፤ ዓረብኛ አያነቡም፣ ግን ማኅተሙን አከበሩት። ከዚያ እህቴን አስጠርተው መድኃኒት ምግብ አይደለም፣ መድኃኒት የሚዋጥበት ውሃም ጾም አይገድፍም፣ ለታመመ ሰው ጾሙ ራሱ ይቀልለታል ብለው በግልጽ ነገሯት። መስቀል አሳለሟት። እኔ ያሸነፍኩ መስሎኝ እስከ ቤት ድረስ እያፏጨሁ ሄድኩ።

በማግሥቱ ዓርብ ነበር። ጠዋት በሯን አንኳኩቼ ዋጥሽ ወይ አልኳት። አልዋጠችም።

"አባ ፈቅደውልሽ የለም እንዴ እትዬ?"

"አባ ደግ ናቸው፤ ለሁሉም ይፈቅዳሉ" አለችኝ ነጠላዋን እያጣፋች። "የደግ ሰው ፈቃድ ይዤ ነው እግዜር ፊት የምቀርበው?"

ይህን ምን ትሉታላችሁ? ቄስ ቢቆጣ ቄሱ ጨካኝ ነው፣ ቢራራ ደግ ስለሆነ አይታመንም።

የሐኪም ቀጠሮ ቀን ሲደርስ ግን ክኒኗን ጠዋት ትውጣለች። ረቡዕ ቢሆንም፣ ዓርብ ቢሆንም። ቤት ማጽዳት ሙያዋ ነው፤ እንግዳ ሲመጣ ቤት ተጠርጎ ይቆያል፣ ሐኪም ስታይ ደም ሥሯ ተጠርጎ ይቆያል። ለእግዜር ያልፈታሽውን ጾም ለዶክተሯ ትፈቻለሽ ወይ ብዬ ብጠይቃት የሰጠችኝን መልስ እስከዛሬ መሻር አልቻልኩም።

"እግዜር ያውቀኛል" አለች። "ዶክተሯ አታውቀኝም።"

በዚያ ዓመት ሁዳዴና ረመዳን ተገናኙ። ለሰዎቹ ደስ የሚል ነው፤ ጎረቤታችን አብረን ጾምን እያለች ተምር ታመጣልን ነበር። ለክኒኗ ግን እስር ቤት ነው። እኔ ያኔ ሥራ በዝቶብኝ ሰው ጣሪያ ላይ ነው የምውለው። ማታ ስጠይቃት "ዋጥኩ" ትለኛለች። "ዋጥኩ" አባባሏን ማወቅ ነበረብኝ። እውነት ስትናገር ትቆጣለች፣ ስትዋሽ ትለሰልሳለች። እሷ በጣም ለስልሳ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ጣሪያ ላይ የማቀዝቀዣ ሞተር ፈትቼ ሆዱን ዘርግፌ ሳለሁ ሃጃ ደወሉልኝ። ሃጃ ደውለውልኝ አያውቁም። ሦስት ቃል ብቻ ተናገሩ፦ እህትህ ወደቀች፣ ያላ። ቶሎ ና ማለታቸው ነው። ከመሰላሉ እንዴት እንደወረድኩ አላስታውስም፤ የቤቱ ባለቤት እንደሚለው በመሰላሉ አልወረድኩም።

ስደርስ እህቴ በሃጃ አልጋ ላይ ተጋድማለች። ሳምቡሳ ስትጠብስ ዓይኗ ጨልሞባት፣ ልቧ ከበሮ ሆኖባት ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ አልነሳ ማለቷን ሃጃ ናቸው ያዩት። ምርኩዛቸውን ጥለው፣ አቅም የላቸውም የተባሉት አሮጊት፣ ሠራተኛቸውን ደግፈው አልጋቸው ላይ አውጥተዋል። እህቴ በየጠዋቱ ለሃጃ የምታስረውን የግፊት መለኪያ ሃጃ በገዛ እጃቸው የእህቴ ክንድ ላይ አስረውታል፤ ገልብጠው ነው ያሰሩት፣ ግን አስረውታል። ቁጥሩን አየሁት። አልጽፈውም። ፓምፕ ምን ቁጥር ላይ እንደሚፈነዳ የማውቅ ሰው ነኝ።

ሃጃ መቼ ነው የዋጠችው አሉኝ። እህቴ ዓይኗን ጨፍና "ኢንሻአላህ ዛሬ ማታ" አለች። ቦርሳዋን ከፍቼ የክኒኑን እሽግ አወጣሁና መዋጥ ሲገባቸው ያልተነኩትን ቆጠርኩ። አሥራ አንድ ቀን። ሃጃ እሽጉን ከእጄ ተቀብለው አገላብጠው አዩት፤ ከዚያ ቶባቸውን፣ ያን ረጅም መጎናጸፊያ፣ ተከናንበው እኔም እመጣለሁ አሉ። ከቤት ከወጡ ወራት አልፏቸዋል።

በሃጃ ጎረቤት መኪና ሶባ ድረስ ሄድን። መንገዱ አያልቅም፣ ፀሐዩ አያልቅም፣ የእህቴ "ምንም አልሆንኩም" አያልቅም። እኔ በየጉድጓዱ ላይ መኪናው ሲዘል ልቧም አብሮ የሚዘል መስሎኝ እጄን ደረቷ ላይ ላደርግ ምንም አልቀረኝም። ክሊኒኩ ስንደርስ ያችው ሐኪም ነበረች። ወዲያው ተቀበለቻት፣ መድኃኒት ሰጠቻት፣ የልቧን ምት በማሽን አየች፣ ክንዷንና እግሯን አንሺ አለቻት፣ ፊቷን መርምራ አፏ እንዳልተጣመመ አረጋገጠች። ለጥቂት ነው የተረፈችው አለችኝ። አጠገቧ ቁጭ አልን። ከሁለት ሰዓት በኋላ ቁጥሩ ቀስ በቀስ መውረድ ሲጀምር እኔም ትንፋሼን የት እንዳስቀመጥኩት ፈልጌ አገኘሁት።

ያኔ ነው ሐኪሟ፣ ልማድ ሆኖባት፣ እርስዎም ካሉ አይቀር ልለካዎ ብላ ሃጃን የለካቻቸው። ቁጥሩን አይታ እንደገና ለካች። የሃጃ ግፊት አልጋ ላይ ከተኛችው በሽተኛ ይበልጥ ነበር።

እህቴ ከትራሷ ቀና አለች። ይህ አይሆንም፣ በእጄ ነው የምሰጣቸው፣ ዓመቱን ሙሉ ሁለት ሰዓት ላይ፣ አንድ ቀን አላለፈኝም ብላ በአማርኛ ማለችና ንገራት አለችኝ። ነገርኳት። ሃጃ ወደ ጣሪያው ማየት ጀመሩ። የጣሪያ ማራገቢያውን እንደ አዲስ ነገር ተመለከቱት። ከዚያ ለስለስ ባለ ድምፅ፣ ስለ አበባው ማሰሮ ነገሩን።

መኝታ ቤታቸው መስኮት ሥር የአበባ ማሰሮ አለ። ጠዋት ክኒኗን ከዋጡ ራሳቸውን ያዞራቸዋል፤ እንግዶቻቸው የሚመጡት ረፋድ ላይ ስለሆነ እንግዳ ፊት እያዞራቸው ማንጎላጀት ደግሞ አይወዱም። ልጃቸው ጠዋት ብሏል፣ እህቴም እንደ ወታደር ከራስጌያቸው ቆማለች፤ እምቢ ማለት አልሆነላቸውም። ስለዚህ ክኒኗን ምላሳቸው ሥር ያቆዩና እህቴ መለኪያውን ልታመጣ ስትዞር ወደ ማሰሮው ይልኳታል። የሱሑሯም እዚያው ነው የምትቀበረው። የካርቱም ትጉኋ አስታማሚ ዓመት ሙሉ ስታክም የኖረችው አበባ ነበር። አበባዋም ጠውልጋለች፤ እህቴ ሙቀቱ ነው እያለች ውሃ ትጨምርላት ነበር። እኔ ባለሙያ አይደለሁም፣ ግን ግፊቷ ከመጠን በላይ ወርዶ ይመስለኛል።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ያየ ሁሉ አይረሳውም። ለጥቂት የተረፈችው እህቴ አልጋው ላይ ቁጭ ብላ ሃጃን በዓረብኛ ልክ ልካቸውን ነገረቻቸው። ምን ዓይነት ዓረብኛ። የገበያውም የጎረቤቱም የልመናውም የእርግማኑም ዓረብኛ በአንድ ትንፋሽ ወጣ። ሃጃ፣ እርስዎ ቢሞቱ እኔ ለማን እነሳለሁ፣ ማንን ደወል ሞልቼ ልጠብቅ አለች። ሃጃም አልተኙላትም፤ አንቺስ ለማን ብለሽ አሥራ አንድ ቀን፣ እኔ ቤት ውሃ አትጠጪ ያለሽ ማን ነው፣ እኔን ነው የምታስጠይቂኝ እዚያ ላይ አሉ። ሁለቱም ማልቀስ ጀመሩ። ሁለቱም ያለቅሱና ሁለቱም ይቆጣሉ። ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ስትሰማ ቆየችና ወደ እህቴ ዞረች።

"አስተርጓሚ አያስፈልግሽም ማለት ነው" አለቻት።

እህቴ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች።

ሐኪሟ ወንበሯን ሳበችና እኔ ዓመት ሙሉ ያልጠየቅኩትን ጥያቄ ጠየቀች። የእናንተንም ጾም የእሳቸውንም ጾም፣ ረቡዕንም ረመዳንንም ጨምሩና፣ በዓመት ውስጥ በአንድም ቀን ማንም የማይከለክላችሁ ሰዓት አለ ወይ አለች። እኔ ላስብ ጀመርኩ። እነሱ አላሰቡም። አሥራ ስምንት ዓመት የሁለት ሃይማኖት ገበታ ያቀረበች ሴት ሰው በስንት ሰዓት እንደሚበላ አትጠየቅም።

"መግሪብ" አለች እህቴ። ሃጃም ራሳቸውን ነቀነቁ። ፀሐይ ስትጠልቅ፤ ያኔ የሁለቱም ጾም ተፈትቷል፣ የሃጃም እንግዶች ሄደዋል።

ሐኪሟ የሁለቱንም ክኒን ስም አየች፣ ሽንት አብዝቶ ሌሊት የሚያስነሳ እንዳልሆነ አረጋገጠች፣ እንግዲያው መግሪብ ይሁን አለች። እኔ ዝም ማለት ስለማልችል ወረቀቱ እኮ ጠዋት ይላል፣ ስልኬ ላይ ደግሞ እንዲህ ያለ አለ፣ እንዲያ ያለም አለ ብዬ ልከራከር ሞከርኩ። ጠዋት ብዬ የጻፍኩት አብዛኛው ሰው ጠዋት ስለማይረሳ ነው አለችኝ። "ልብ ጠዋትና ማታ አይመርጥም። የሚጎዳው የቀረው ቀን ነው።"

ዓመት ሙሉ በአንዲት ቃል ስዋጋ ነበር ማለት ነው። እኔ "ጠዋት" ባልኩ ቁጥር እህቴ የምትሰማው "ከእግዜር ጋር ተጣዪ" ነበር። ሁለተኛ ቃል መኖሩን እኔ አልጠየቅኩ፣ እሷ አልነገረችኝ። ብንነጋገር ኖሮ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃን ነበር። በኛ ቤት ግን ይጮኻል እንጂ አይነገርም።

ረመዳኑ ሳያልቅ፣ ከጥቂት ቀናት ዕረፍት በኋላ ወደ ሥራ በተመለሰችበት ዕለት፣ እኔው ሄጄ አመጣኋት። ሚኒባሱ ወደ ካላክላ እያመራ ሳለ ፀሐይዋ ጠለቀች። መንገዱ ዳር ምንጣፍ ዘርግተው የተቀመጡ ሰዎች ተነስተው አስፋልቱ መሃል ገቡና መኪናውን አስቆሙት። ካርቱም እንዲህ ናት፤ ጾም መፍቻ ሰዓት ላይ መንገደኛ ሳይቀምስ አያልፍም፣ ቢቸኩልም፣ ባይጾምም፣ ቢለምንም። አንድ ጎልማሳ በመስኮቱ ትሪ አስገባ። እህቴ ከተምሩ አንዲት አነሳች፣ አማተበች፣ ክኒኗን ከእሽጉ ፈልቅቃ መዳፏ ላይ አደረገች። ከዚያ ግን አልዋጠችም። ስልኳን ትጠብቃለች። ሹፌሩ ያላ ይላል፣ ሰውየው ኩባያውን ዘርግቶ ቆሟል፣ አሥራ ስድስት ሰው እህቴን ያያል። ስልኩ ጮኸ። ሃጃ ናቸው።

"ቢስሚላህ" ሲሉ ከወዲያ ተሰማ። "በስመ አብ" አለች እህቴ። ዋጠች። ከወዲያም የመዋጥ ድምፅ መጣ።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ እንዲህ ሆነ፤ ረመዳኑ አልቆ፣ ሁዳዴው ተፈትቶ፣ ክረምቱ ገብቶም። ክኒኗ ከሁለቱም ሃይማኖት ወጥታ ከፀሐይ ጋር ተቀጠረች። የሚያሳብደኝ መጨረሻው ነው። አንዷ ሌላዋ ምላሷ ሥር አለመደበቋን ማረጋገጥ ስላለባት፣ ክኒን አፍ ውስጥ ቢቆይ የሚቀልጥበትን ያህል ጊዜ ማውራት አለባቸው። ክኒን በደቂቃዎች ይቀልጣል። እነሱ ግን እርግጠኛ መሆን ይፈልጋሉ። ስለ ሃጃ ምራቶች ይወራል፣ ስለ ቲማቲም ይወራል፣ ስለኔ ይወራል። አብረው ውለው የተለያዩት ከጥቂት ሰዓት በፊት መሆኑን ላስታውስ። የኔ ራት ይቀዘቅዛል። ጎረቤታችን ያንተም ግፊት በዚህ ሰዓት ነው የሚወጣው ትለኛለች።

ከወራት በኋላ ሶባ ሄድን። ቀኑ ዓርብ ነበር። ጠዋት እህቴ ክኒን አልዋጠችም፤ ቤቱ ሳይጠረግ እንግዳ ፊት ቀረበች። ሐኪሟ ስትለካት እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ። ቁጥሩ ወርዶ ነበር። ሁለተኛም ለካች፣ ያው ነው። የልቧንም ምስል አነሳች፤ መደንደኑ አልባሰም፣ ባለበት ቆሟል፣ እንዲህ ከቀጠለች ሊመለስም ይችላል አለች። እህቴ ይህን ሁሉ ራሷ በዓረብኛ ጠየቀች፣ ራሷ ሰማች። እኔ ወንበሩ ላይ እንደ ተጨማሪ ዕቃ ተቀመጥኩ። ማን ነው የረዳሽ ስትላት ሃጃ ናቸው አለች። እኔስ ብዬ በጉልበቴ ነካ አደረግኳት። ወንድሜ ደግሞ ግድግዳ ላይ ወረቀት ለጠፈልኝ አለቻት።

ወደ ካላክላ ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ ሃጃስ የምር ይውጡ ይሆን አልኳት። በስልክ ምን ይታያል?

"አበባዋን አያታለሁ" አለች። "አንሰራርታለች። ሁለት አዲስ ቅጠል አውጥታለች።"

ይህ አስደሰተኝ፤ የምመካበት አንድ ማስረጃ አገኘሁ። ግን ነገር ማብዛት ልማዴ ነውና፣ አንቺስ መዋጥሽን ሃጃ በምን ያውቃሉ፣ እሳቸው የሚያዩት አበባ የለ አልኳት።

እህቴ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየች መለሰችልኝ። አልተቆጣችም፣ አልለሰለሰችምም።

"እሳቸውን አልዋሻቸውም" አለች። "የምዋሸው አንተን ነው።"